የሊኑክስ ፓስወርድ ሲረሳ፦ «ፎርማት ይደረግ» ከመባሉ በፊት

የአክስቴ ልጅ ላፕቶፗን ታቅፋ የመጣችው ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ኡቡንቱ የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ተጭኖበታል። ሐሙስ ማታ ፓስወርዷን ቀየረች፤ አርብ ጠዋት ከአእምሮዋ ጠፋ። እኔ ጋ ከመምጣቷ በፊት አንድ ጥገና ቤት ወስዳው ነበር። እዚያ የተሰጣት መልስ አጭር ነው፦ «ፎርማት ካልተደረገ አይከፈትም።» ውስጡ ግን የመመረቂያ ጽሑፏ አለ። ሌላ ቦታ ኮፒ የለውም። ፊቷን ሳየው አንጀቴን በላችኝ።

ላፕቶፑ ፎርማት ሳይደረግ፣ አንድም ፋይል ሳይነካ፣ በሩብ ሰዓት ተከፈተ። ድብቅ ጥበብ የለውም። ይህን የምጽፈው «ፎርማት» የሚለውን ቃል ሰምተው የልጆቻቸውን ፎቶ፣ የሱቃቸውን ሒሳብ፣ የዓመታት ሥራቸውን እሺ ብለው ያጠፉ ሰዎችን ስለማውቅ ነው። በእጃችሁ ባትሞክሩት እንኳ መንገዱ መኖሩን እወቁ። ባለሙያ ፊት ስትቆሙ የምትጠይቁት ነገር ይኖራችኋል።

ዩኒክስ ምንድን ነው? «ሩት»ስ ማን ነው?

ዩኒክስ በ1969 አሜሪካ ውስጥ ቤል ላብስ በሚባል የምርምር ተቋም የተጀመረ ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ ማለትም ኮምፒውተሩን የሚያስተዳድር ዋና ፕሮግራም፣ ነው። የጀመሩት ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ ናቸው። (እዚህ ያሉት ዓመቶች እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ሊኑክስን ደግሞ ሊነስ ቶርቫልድስ የሚባል የፊንላንድ ተማሪ የዩኒክስን አሠራር ተከትሎ በ1991 ጀመረው። ኡቡንቱ፣ ዴቢያን፣ ፌዶራ የሚባሉት ሁሉ የሊኑክስ ዓይነቶች ናቸው። የማክ ኮምፒውተርም ዘሩ ከዩኒክስ ነው።

እነዚህ ሲስተሞች ሁሉ አንድ አዛዥ ዩዘር አላቸው። ስሙ ሩት ነው። ሲስተሙ እያንዳንዱን ዩዘር የሚያውቀው በቁጥር ሲሆን የሩት ቁጥር 0 ነው። ቁጥሩ 0 የሆነ ዩዘር የማንንም ፋይል ይከፍታል፣ የማንንም ፓስወርድ ይቀይራል። ሲቀይር ደግሞ የድሮውን አይጠየቅም። ስለዚህ ፓስወርድ የረሳ ሰው ጥያቄው ዞሮ ዞሮ አንድ ነው፦ እንዴት አድርጌ ሩት ሆኜ ልግባ?

ኡቡንቱ ሲጫን የሩት ፓስወርድ ተዘግቶ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ የተፈጠረው ዩዘር «ሱዶ» በሚባል ትዕዛዝ፣ በራሱ ፓስወርድ፣ የሩትን ሥልጣን ይዋሳል። ልጅቷ የራሷን ስትረሳ ሁለቱንም ነው ያጣችው። በዚያው ኮምፒውተር ላይ ሱዶ የተፈቀደለት ሌላ ሰው ቢኖር ኖሮ ግን ጉዳዩ በአንድ መስመር ትዕዛዝ ያልቅ ነበር። መጀመሪያ እሱን ጠይቁ።

ግን እውነት ረስታችሁታል?

ይህን ጥያቄ አትዝለሉት። ብዙ ጊዜ ፓስወርዱ ልክ ነው፤ የተሳሳተው ኪቦርዱ ነው። በተለይ በአማርኛም በእንግሊዝኛም የምንጽፍ ሰዎች ላይ ይደርሳል። የኪቦርዱ ቋንቋ አማርኛ ላይ ቀርቶ ከሆነ የምትነኩት ፊደል ሌላ ነው። ፓስወርዱ ደግሞ በነጠብጣብ ስለሚሸፈን አይታያችሁም። መግቢያው ገጽ ጥግ ላይ ያለችውን የቋንቋ ምልክት እዩ። ካፕስ ሎክ በርቶ እንደሆነም ተመልከቱ። ቁጥሮቹን ከኪቦርዱ ቀኝ በኩል የምትጽፉ ከሆነ ነም ሎክም መብራት አለበት።

ሌላም አለ። ጥቁሩ ተርሚናል ላይ ፓስወርድ ስትጽፉ አብዛኛውን ጊዜ ነጠብጣብም ኮከብም አይመጣም። ከርሰሩ ባለበት ቆሞ ይቀራል። ኪቦርዱ ተበላሸ ብለው የተዉ ሰዎች አሉ። እየተጻፈ ነው፤ ጨርሳችሁ ኢንተር በሉት። አንዳንድ ሲስተሞች ደግሞ ሦስት ጊዜ ከተሳሳታችሁ ለ10 ደቂቃ ያህል ይቆልፋሉ። በእነዚያ ደቂቃዎች ትክክለኛውን ብትጽፉም «ስህተት ነው» ነው የሚሏችሁ። ሻይ ጠጥታችሁ ተመለሱ።

ፓስወርዱ ውስጡ ተጽፎ የለም እንዴ? ለምን አናነበውም?

የለም። ኮምፒውተሩ ራሱ ፓስወርዳችሁን አያውቀውም።

ወፍጮ ቤትን አስቡ። ጤፍ ይገባል፣ ዱቄት ይወጣል። ዱቄቱን መልሶ ፍሬ የሚያደርግ ወፍጮ የለም። ፓስወርድ ስትፈጥሩም ሲስተሙ ይፈጨውና ዱቄቱን ብቻ ያስቀምጣል። ይህ ዱቄት «ሃሽ» ይባላል። ሲያዩት ትርጉም የሌለው የፊደልና የቁጥር ድርድር ነው። ነገ ስትገቡ የጻፋችሁትን እንደገና ይፈጨዋል። አዲሱ ዱቄት ከተቀመጠው ጋር አንድ ከሆነ በሩ ይከፈታል።

ከመፍጨቱ በፊት ደግሞ ትንሽ ነገር ጣል ያደርግበታል፤ ለእያንዳንዱ ዩዘር በዕጣ የሚወጣ ቁራጭ ጽሑፍ። ባለሙያዎቹም «ጨው» ነው የሚሉት። ሁለት ሰዎች በአጋጣሚ አንድ ዓይነት ፓስወርድ ቢኖራቸው እንኳ ጨዋቸው ስለሚለያይ ዱቄታቸው አይመሳሰልም። ሌባ አንዱን ቢያገኝ ሌላው አይገለጥለትም።

ዱቄቱ ድሮ ማንም ዩዘር የሚያነበው ፋይል ውስጥ ነበር የሚቀመጠው። ኋላ ላይ «ሻዶው»፣ ማለትም ጥላ፣ ወደሚባል ሩት ብቻ ወደሚያነበው ፋይል ተዛወረ። የተዛወረበት ምክንያት አለው። ዱቄቱ ወደ ኋላ ባይመለስም ግምት እየፈጩ ማወዳደር ይቻላል። አንዱ ካልሆነ ሌላ፣ ሌላ ካልሆነ ሌላ፣ በሚሊዮን የሚቆጠር ግምት።

ለዚህ የኬን ቶምፕሰን የራሱ ፓስወርድ ምስክር ነው። ከ1980 አካባቢ የቀረ አንድ የዩኒክስ ቅጂ ውስጥ የእሱና የባልደረቦቹ ሃሾች አብረው ተገኙ። የብዙዎቹ ቶሎ ተሰበረ። ዴኒስ ሪቺ የተጠቀመው አራት የእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ ነበር። የቶምፕሰን ግን ለዓመታት እምቢ አለ። በመጨረሻ በ2019 አንድ ሰው በሴኮንድ 900 ሚሊዮን ያህል ግምት በሚፈጭ ግራፊክስ ካርድ ከአራት ቀን በላይ ደክሞ አገኘው። ስምንት ምልክት ያለው የቼዝ እርምጃ ሆኖ ተገኘ፦ ንግሥቲቱ ፊት ያለውን ወታደር ሁለት ቤት መግፋት። ቶምፕሰን የቼዝ ማሽን የሠራ ሰው ነው፤ ፓስወርዱም ከሚወደው ነገር የወጣ ነበር።

ያ የድሮ ወፍጮ ነው። የዛሬዎቹ ሆን ተብለው ዘገምተኛ እንዲሆኑ ተሠርተዋል። በሊኑክስ ላይ ለረጅም ጊዜ የተለመደው ዘዴ አንዱን ፓስወርድ 5000 ዙር ይፈጨዋል። ለእናንተ የዓይን ጥቅሻ ነው፤ በቢሊዮን ለሚገምት ሌባ ግን ዕድሜ ይጨርሳል። ስለዚህ «የረሳሁትን ፈልጉልኝ» ማለት አያዋጣም። የሚሠራው መንገድ የድሮውን ትቶ አዲስ ማስቀመጥ ነው።

ታዲያ ሳያውቁት እንዴት ይገባል?

አንድ ግቢ አስቡ። በሩ ላይ ዘበኛ አለ። መታወቂያ ያላሳየ አያስገባም። ዘበኛው ግን ሥራ የሚገባው ጠዋት 12 ሰዓት ነው። ከዚያ በፊት ግቢው ውስጥ የተገኘ ሰው መታወቂያ የሚጠይቀው የለም።

ፓስወርድ የሚጠይቃችሁ ገጽ ያ ዘበኛ ነው። ራሱም አንድ ፕሮግራም ነው፤ የሚነሳውም ዘግይቶ ነው። ኮምፒውተሩን ስታበሩት መጀመሪያ ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ትንሽ ፕሮግራም ይነቃል። እሱ «ግረብ» የሚባለውን ይጠራል። ግረብ የሊኑክስን ልብ፣ ማለትም ከርነሉን፣ ይጭናል። ከርነሉ የመጀመሪያውን ፕሮግራም ይቀሰቅሳል፤ ያ ፕሮግራም ሌሎቹን ሁሉ፣ ዘበኛውንም ጭምር፣ ያስነሳል። ይህ የመጀመሪያ ፕሮግራም የሚሠራው ደግሞ በሩት ሥልጣን ነው። እንግዲህ ግረብ ላይ ቆመን ከርነሉን «ዛሬ ዘበኛውን አታስነሳ፤ ትዕዛዝ የምጽፍበትን ገጽ ብቻ ስጠኝ» ብንለው ሩት ሆነን ቁጭ ማለት ነው።

በኡቡንቱ ላይ ለዚህ የተዘጋጀ መንገድ አለ። የልጅቷን ላፕቶፕ የከፈትነው በእሱ ነው። ሪስታርት አድርገን የአምራቹ አርማ እንደታየ «ኢስኬፕ» ቁልፍን ነካን፤ ቆየት ባሉ ማሽኖች ላይ «ሺፍት»ን ተጭኖ መያዝ ነው። የግረብ ዝርዝር መጣ። ሁለተኛው መስመር ላይ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ይላል። እሱን ከፍተን መጨረሻው ላይ «ሪከቨሪ ሞድ» የሚል ቃል ያለበትን መረጥን። ብዙ ጽሑፍ ሽው ሽው ብሎ አለፈና አንድ ዝርዝር ወጣ። ከዚያ ውስጥ «ሩት» የሚለውን ስንመርጥ ኢንተር ጠየቀ፤ ነካነው። ጥቁር ገጽ፣ መጨረሻው ላይ የፓውንድ ምልክት (#)፣ አጠገቡ የምትብለጨለጭ ከርሰር። ያቺ ምልክት «ሩት ነህ» ማለት ናት።

ልጅቷ የዩዘር ስሟን በትክክል አታስታውሰውም ነበር። ሆም የሚባለውን ፎልደር ስናይ እዚያው ተጽፎ አገኘነው። ከዚያ ትዕዛዙ አንድ ነው። «ፓስወርድ» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ኦ እና አር የሚሉትን ፊደላት አውጡና የቀረውን ጻፉ፤ ክፍተት ተዉና የዩዘሩን ስም አስከትሉ። አዲሱን ፓስወርድ ሁለት ጊዜ ይጠይቃል። ልጅቷ ራሷ ጻፈችው፤ እኔ ፊቴን አዞርኩ።

ሪከቨሪ ሞድ በማይገኝበት ወይም እሱም የሩት ፓስወርድ በሚጠይቅበት ሊኑክስ ላይስ? ያኔ ግረብ ዝርዝር ላይ ቆማችሁ «ኢ» የሚለውን ፊደል ትነካላችሁ። የተዝረከረከ ጽሑፍ ይከፈታል፤ አትደንግጡ። «ሊኑክስ» በሚለው ቃል የሚጀምረውን ረጅም መስመር ፈልጉ። መሃሉ ላይ «አር ኦ» የሚሉ ሁለት ፊደላት አሉ፤ «ማንበብ ብቻ» ማለት ነው። ወደ «አር ደብልዩ» ቀይሩት፤ ማንበብም መጻፍም እንዲቻል። ከዚያ መስመሩ መጨረሻ ላይ ይህን ጨምሩ፦ ኢኒት፣ የእኩል ይሆናል ምልክት፣ ስላሽ፣ ቢን፣ ስላሽ፣ ባሽ፤ በመሃሉ ምንም ክፍተት ሳይኖር። ኮንትሮልና ኤክስን አንድ ላይ ንኩ። ከርነሉ ሌላውን ሁሉ ትቶ «ባሽ» የሚባለውን የትዕዛዝ ገጽ ብቻ ያስነሳል። እዚህ የጻፋችሁት ለዚያች አንዲት ማስነሳት ብቻ ነው የሚሠራው፤ በሚቀጥለው ሪስታርት ሁሉም እንደ ድሮው ነው። ስለዚህ ብትሳሳቱ አጥፍታችሁ እንደገና ሞክሩ።

ሦስተኛው መንገድ ፍላሽ ነው። ሊኑክስን ከፍላሽ አስነስታችሁ የኮምፒውተሩን ዲስክ እንደ ዕቃ ማስቀመጫ ትከፍቱታላችሁ። ፓስወርዱን ከዚያ መቀየር ይቻላል። ባይቀየር እንኳ ፋይሎቹን ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ይቻላል። ጥገና ቤት «ፎርማት» ሲሏችሁ ቢያንስ ይህን ጠይቁ፦ «ከፍላሽ አስነስተህ ፋይሎቼን ታወጣልኛለህ?»

ብዙዎች የሚሰናከሉት የት ላይ ነው?

አንደኛው ዲስኩ «ማንበብ ብቻ» ሆኖ ሲቀር ነው። አዲሱን ፓስወርድ ትጽፋላችሁ፣ ስህተት ይመልስላችኋል፣ መንገዱ የማይሠራ ይመስላችኋል። ዲስኩ እንዲጻፍበት ካልተፈቀደ አዲሱ ዱቄት የሚቀመጥበት ቦታ የለውም። ሪከቨሪ ሞድ ውስጥም ይህ ሊያጋጥም ይችላል፤ በማውንት ትዕዛዝ ዋናውን ዲስክ እንደገና ለመጻፍ መክፈት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ፌዶራና ሬድ ሃት ላይ ነው፤ ሰውን የሚያስለቅሰውም ይሄኛው ነው። እነዚህ ሲስተሞች በእያንዳንዱ ፋይል ላይ የማይታይ ምልክት ይለጥፋሉ፤ ኤስ ኢ ሊኑክስ የሚባለው ጥበቃ ነው። በጓሮ በር ገብታችሁ ፓስወርድ ስትቀይሩ የሻዶው ፋይል እንደ አዲስ ይጻፋል፣ ምልክቱም ይጠፋል። ሪስታርት ስታደርጉ ፓስወርዱ ትክክል ሆኖ ሳለ ማንም አይገባም። መድኃኒቱ ከመውጣታችሁ በፊት ዋናው ፎልደር ላይ «ነጥብ ኦቶሪሌብል» የሚባል ባዶ ፋይል መፍጠር ነው። ሲስተሙ እሱን ሲያይ ፋይሎቹን ሁሉ ዞሮ እንደገና ምልክት ይለጥፍባቸዋል። ጊዜ ይወስዳል። ቆመ ብላችሁ መሃል ላይ አታጥፉት።

ዲስኩ ራሱ ተቆልፎ ከሆነስ?

እዚህ ላይ ግልጽ ልሁን። እስካሁን ያልኩት ሁሉ የሚሠራው ዲስኩ ኢንክሪፕት ካልተደረገ ብቻ ነው።

እንዴት ታውቃላችሁ? ኮምፒውተሩ ገና ሲነሳ፣ የዩዘር ስም ሳይመጣ፣ ፓስወርድ ከጠየቃችሁ ዲስኩ ሳይቆለፍ አይቀርም። በሊኑክስ ላይ የተለመደው ቁልፍ «ሉክስ» ይባላል። የዘበኛውን ምሳሌ እዚህ ጋ ተዉት። ይሄ በር ላይ የቆመ ሰው አይደለም፤ ግቢው ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ በምሥጢር ፊደል ተለውጦ ተጽፏል። ያለ ዘበኛ ብትገቡም የምታነቡት ነገር የለም። ዲስኩን ፈትታችሁ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ብትሰኩትም ያው ነው።

ሉክስ አንድ ዋና ቁልፍ አለው። የእናንተ ፓስወርድ ያንን ዋና ቁልፍ የያዘውን ትንሽ ሳጥን ነው የሚከፍተው። እንዲህ ያሉ ሳጥኖች ብዙ ሊኖሩ ይችላሉ፤ አዲሱ ሉክስ እስከ 32 ይፈቅዳል። ስለዚህ ሲጫን ሁለተኛ ፓስወርድ ወይም የመጠባበቂያ ቁልፍ ተቀምጦ እንደሆነ አስታውሱ። የጫነላችሁን ሰው ጠይቁ፣ የድሮ ደብተር አገላብጡ። ካልተገኘ ማንም አይከፍተውም፤ እከፍታለሁ ብሎ ቀብድ የሚጠይቃችሁን አትመኑት። አንድ ተስፋ የሚኖረው ኮምፒውተሩ አሁን በርቶ፣ እናንተም ውስጡ ገብታችሁ ከሆነ ነው። ያኔ አታጥፉት፣ ሪስታርትም አታድርጉት። ቻርጀሩን ሰክታችሁ ፋይሎቻችሁን ወደ ውጭ ዲስክ ገልብጡ።

ማክ ላይም ነገሩ ተቀራራቢ ነው። ፋይልቮልት የሚባለው ቁልፍ በርቶ ከሆነ መግቢያው የአፕል አካውንታችሁ ወይም ሲበራ የተሰጣችሁ ረጅም የመጠባበቂያ ቁልፍ ነው።

እንዲህ ቀላል ከሆነ ማንም የእኔን ላፕቶፕ ሊከፍት ነው?

ዲስኩ ካልተቆለፈ፣ አዎ። ላፕቶፓችሁን ለአንድ ሰዓት ብቻውን ያገኘ ሰው ፋይሎቻችሁን ሊያይ ይችላል። የመግቢያ ፓስወርድ የሚከላከለው በሩቅ የሚመጣውንና ጠረጴዛችሁ አጠገብ ለአፍታ የቆመውን ነው። ማሽኑን ታቅፎ የሄደውን አይከላከልም። ግረብ ላይም ፓስወርድ ማድረግ ይቻላል፤ ሌባውን ግን ከፍላሽ ወይም ዲስኩን ፈትቶ ከመሞከር አያስቆመውም። ላፕቶፕ ይዛችሁ የምትንቀሳቀሱ ከሆነ፣ በተለይ የሰው መረጃ ከያዛችሁ፣ ሲስተሙ ሲጫን ዲስኩን አስቆልፉ። የመጠባበቂያ ቁልፉን ደግሞ ከላፕቶፑ ቦርሳ ውጭ፣ ቤት አስቀምጡ።

ይህ ዘዴ ለራስ ማሽን ወይም ባለቤቱ ለፈቀደው ብቻ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ያለፈቃድ የሰው ኮምፒውተር መክፈት በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 (ይህኛው ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ያስጠይቃል። የቢሮ ማሽን ከሆነ የአለቃችሁን ፈቃድ በጽሑፍ ያዙ።

ሰርቨሩ ውጭ አገር ቢሆንስ?

ተከራይታችሁ በኢንተርኔት የምትጠቀሙበት ሰርቨር፣ ማለትም ሌላ ቦታ ሆኖ ለብዙ ሰው የሚሠራ ኮምፒውተር፣ ከሆነ ኪቦርዱን መንካት አትችሉም። መርሁ ግን ያው ነው። አከራዩ ድርጅት በብሮውዘር የሚከፈት «ኮንሶል» ካለው የግረብ ዝርዝሩን እዚያ ማየት ትችላላችሁ። «ሬስኪዩ» የሚባል የማስነሻ መንገድም ካለው የፍላሹን ሥራ ይሠራል። አለበለዚያ ዲስኩን ከዚያ ሰርቨር ነቅሎ ሌላ ላይ መሰካት ነው። ከሁሉ በፊት ግን የዲስኩን ቅጂ አስቀምጡ፤ ሰርቨር ላይ የሚደረግ ስህተት የብዙ ሰው ሥራ ያቆማል።

ከተቀየረ በኋላ ለምን የድሮውን ፓስወርድ ይጠይቃል?

ልጅቷ በአዲሱ ፓስወርድ ገባች። ዴስክቶፑ ተከፈተ፣ ፋይሎቿ እንዳሉ ናቸው። ብሮውዘሩን ስትከፍት ግን አንድ ሳጥን ብቅ አለና ፓስወርድ ጠየቀ። አዲሱን ጻፈች፤ አልቀበልም አለ። ፊቷ እንደገና ተለወጠ።

ይሄ «ኪሪንግ» ነው፤ ብሮውዘሩና ሌሎች ፕሮግራሞች የያዟቸው ፓስወርዶች የሚቀመጡበት ትንሽ ካዝና። የተቆለፈው በድሮው ፓስወርድ ነው። ሩት ሆነን የቀየርነው የበሩን እንጂ የካዝናውን አይደለም። ድሮ ኡቡንቱ ላይ፣ 18.04 ከሚባለው ቅጂ በፊት፣ ሲጫን «ሆም ፎልደሬን ቆልፍ» የሚል ምርጫ ነበር። ያንን የመረጠ ሰው ደግሞ በሩን ቢያስከፍትም ፋይሎቹ እንደተቆለፉ ይጠብቁታል። የእሷ ግን ኪሪንጉ ብቻ ነበር። የድሮው ፓስወርድ ትዝ ካላላችሁ ኪሪንጉን አጥፍቶ አዲስ መፍጠር ነው። ውስጡ የነበሩት ፓስወርዶች ይጠፋሉ፤ ፋይሎች ግን አይነኩም።

እሷ ሳጥኑን «ካንስል» አለችው። ፍላሽ ሰካችና መጀመሪያ የመመረቂያ ጽሑፏን ገለበጠች። ኪሪንጉን ማታ እቤቷ አስተካከለችው።